ጠያቂ ተማሪ ከአቴና እስከ እንፍራዝ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር አገሩ ሁሉ ስለ ትምህርት ያወራል። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል የንግግር ክህሎትና የማሳመን ጥበብ ሥልጠና የሚፈልግ አለ። ማወቅና ማሳመን ምን ያገናኛቸዋል? አቴናውያን ከ2,400 ዓመት በፊት አጥብቀው የተከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው።

በአቴና ባለጉዳይ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚሟገተው ራሱ ስለነበር፣ ንግግርን በክፍያ የሚያስተምሩት ሶፊስቶች ገበያቸው የደራ ነበር። ሶቅራጥስ ግን ሳያውቁ ማሳመንን ተቃወመ፤ በ399 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሞት ተፈረደበት። ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ የመምህሩን ዘዴ ያሳየናል። ሶቅራጥስ ጎኑ 2፣ ስፋቱ 4 የሆነ ካሬ መሬት ላይ ሥሎ፣ ጂኦሜትሪ ያልተማረ አንድ አገልጋይ ልጅ ስፋቱ የዚህ እጥፍ የሆነ ካሬ እንዲያገኝ ይጠይቀዋል። ልጁ ጎኑን 4 ሲያደርገው ስፋቱ 16 ይሆንበታል፤ 3 ሲያደርገው 9። አላውቅም ይላል። ጥያቄው ሲቀጥል ግን ካሬውን ከጥግ ጥግ የሚያቋርጠውን መስመር ጎን አድርጎ 8 ላይ ይደርሳል። አሪስቶትል በበኩሉ ማሳመንን ራሱን የቻለ ጥናት አደረገው፤ በተናጋሪው ማንነት፣ በአድማጩ ስሜትና በማስረጃው ከፍሎ መረመረው። ከእሱ በኋላ የመጡት ስቶይኮችና ኤፒኩሮሳውያን የተባሉት ፈላስፎች ትኩረታቸው በይበልጥ በአኗኗር ላይ ነበር።

ከግሪክ ፍልስፍና ወደ እኛ የደረሰው ግን በአብዛኛው ምክርና አባባል ነው። «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ በቀጥታ ተተረጎመ። «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ን አባ ሚካኤል እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱት። በውስጡ ሶቅራጥስ መካሪ እንጂ ጠያቂ አይደለም። ተማሪው ራሱ ፈጥሮ ለመምህሩ እርማት የሚያቀርብበት ልማድ ግን በቅኔ ቤታችን ነበር፤ ዛሬም አለ።

በግእዝ የፍልስፍና ጽሑፎች ጠያቂነት ጎልቶ የሚታየው በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 ተወለደ። አክሱም ላይ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲያስተምር ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ ግብፆች እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ትርጓሜ ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን አይደግፍም ነበር። በዚህም ከሁሉም ተጣላ፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ። ኋላ እንፍራዝ በተባለ አገር ሀብቱ የሚባል ሰው ልጆችን አስተማረ። ሰዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበላቸውን ይነቅፋል። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም ምርመራውን ወደ ልጅ አስተዳደግና ወደ ሥራ ወሰደው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ተመራማሪው ኮንቲ ሮሲኒ የመጽሐፉ ደራሲ ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብሎ ተነሣ። እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ሙግቱን በአምስት ቅጽ ሥራቸው መለሱ፤ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል፤ ክርክሩ ግን አልተቋጨም።

እኔ ወደ ሰምነር አደላለሁ፤ የዋሻው ስደትም ሆነ የእንፍራዝ ኑሮ ከአገሩ ሕይወት ጋር ተሸምኖ ይነበባልና። የደራሲው ማንነት በሊቃውንት ይመርመር፤ መጽሐፉ ግን እስከዚያ መደርደሪያ ላይ መቆየት የለበትም። የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፣ ሐተታውንና «ሜኖን»ን ጎን ለጎን ከሠልጣኞቻችሁ ጋር አንብቡ። ነገ ክፍል የሚገቡት እነሱ ናቸው፤ ራሳቸው መጠየቅን ካልለመዱ ተማሪያቸውን መጠየቅ ሊያስለምዱ አይችሉም።