የአማርኛው ገጽ የጥያቄ ምልክት ሲሆንብዎ

የጻይልስሃይም ሱቅዎ ወይም ታክሲዎ በኢንተርኔት ትእዛዝ የሚቀበልበት ገጽ አለው እንበል። ጀርመንኛው ደህና ይታያል። አማርኛው ግን «በርበሬ» እና «ሽሮ» በማለት ፋንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ይደረድራል። ከዚንድሊንገን ሊያዙ የነበሩ እናት ገጹን ዘግተው ሌላ ዘንድ ይሄዳሉ። ባለሙያው ደግሞ «ሁሉም እንደ አዲስ ይሠራ» ብሎ ዋጋ ይጠራልዎታል። እሺ ከማለትዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ሰርቨር የሚባለው ኮምፒዩተር ገጹን ወደ ደንበኛው ስልክ ሲልክ ከጽሑፉ አስቀድሞ አጫጭር መስመሮች ይልካል። ሄደር ይባላሉ። በጆንያ ላይ እንደሚለጠፍ ምልክት ናቸው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገብስ ሳይከፈት ይናገራሉ። ከእነዚህ አንዱ «ኮንተንት ታይፕ» ነው። አማርኛ ላለበት ገጽ በመጨረሻው ላይ «ዩቲኤፍ-8» የሚል ሊኖረው ይገባል።

በጃቫ ሰርቭሌት የተሠራ አገልግሎት ይህ ካልተነገረው በደንቡ መሠረት «አይኤስኦ-8859-1» የተባለውን የፊደል ሠንጠረዥ ይወስዳል። ሠንጠረዡ የጀርመንኛን ባለ ነጥብ ፊደላት ይዟል፤ የእኛ ፊደል ግን የለበትም። ጃቫም ያላገኘውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። የዩሮ ምልክትም በዚያ ሠንጠረዥ ስለሌለ፣ ከዋጋው አጠገብ የጥያቄ ምልክት ካዩ መነሻው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ምርመራው ቀላል ነው። በሱቅዎ ኮምፒዩተር ገጹን በክሮም ወይም በፋየርፎክስ ይክፈቱ። «ኤፍ 12» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የኔትወርኩን ክፍል ይምረጡ፤ ገጹን ያድሱ፤ ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን መስመር ይንኩና ሄደሮቹን ይመልከቱ።

አንደኛ፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለው ጠፍቶ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ ጽሑፉ ከሰርቨሩ ሳይወጣ ተበላሽቷል።

ሁለተኛ፤ ዩቲኤፍ-8 ጠፍቶ በየፊደሉ ፋንታ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» የምትመራው ዝብርቅርቅ ከታየ፣ ፊደሉ በደህና ደርሷል፤ የጎደለው ምልክቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ዩቲኤፍ-8 ተጽፎ ሳለ የጥያቄ ምልክት ከታየ፣ ፊደሉ ቀድሞ ጠፍቷል፤ ዕቃው የተመዘገበበት ዳታቤዝ ይታይ።

ባለሙያው «እኔ ጽፌዋለሁ» ቢልዎ «ከየትኛው መስመር በፊት?» ብለው ይጠይቁት። የፊደሉ ዓይነት መነገር ያለበት «ጌት ራይተር» ከሚባለው ትእዛዝ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ ቢነገር ጃቫ ስሕተት ነው ብሎ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ሌሎች ሄደሮችም የመልሱ የመጀመሪያ ክፍል ከተላከ በኋላ አይጨመሩም። ቶምካት በሚባለው ሰርቨር ላይ፣ መጠኑ ካልተለወጠ፣ ይህ የሚሆነው 8192 ባይት ሲሞላ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ መጠኑ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ አጭሩ ገጽ ደህና ሆኖ ረጅሙ የዕቃ ዝርዝር ሄደር ሊጎድለው ይችላል። ሥራውን ሲረከቡ በረጅሙ ገጽ ያስሞክሩ።

በአንደኛውና በሁለተኛው ጉዳይ እድሳቱ ጥቂት መስመሮችን መጨመር ወይም ከቦታቸው ማንሳት ነውና ዋጋውን በዚያው ልክ ይነጋገሩ። በዳታቤዙ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ግን ከዚያ አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ አለበት። ለዚያ ድካም መክፈል ተገቢ ነው።

መልካም ገበያ ይሁንልዎ።