ታናሹ ሲፀነስ ታላቁ ለምን ይቀጣል?

በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ የቆየ ምክር አለ። አንዲት ወጣት ሚስት የዓመት ከመንፈቅ ልጅ እያጠባች እንደ ገና ማርገዟ የታወቀ እንደ ሆነ፤ አማት ወይም ጎረቤት ጠጋ ብላ፤ «ልጄ፤ ዛሬውኑ ጡቱን አስጥዪው፤ የእርጉዝ ወተት ለልጅ አይሆንም፤ ያስቀምጠዋል» ትላታለች። ከዚያ በኋላ እሬት ተፈልጎ የጡቷ ጫፍ ይቀባል፤ አለዚያም ልጁ ወደ አያቱ ቤት ይላካል። ሕፃኑም በአንድ ቀን ሁለት ነገር ያጣል፤ ወተቱንና የእናቱን ዕቅፍ። ጥፋቱ ምን እንደ ሆነ ግን የሚነግረው የለም።

ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ምክር ነው። ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን ሊያልፍ የሚፈልግ ወጣት አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። ዛሬ ተማሪ ወይም አዲስ ሠራተኛ የሆነው ሁሉ ነገ የቤት አባወራ ወይም እመቤት ነውና።

በመጀመሪያ ወደ አክራ እንሻገር። ትውልዳቸው ጃማይካ የሆነው እንግሊዛዊት ሐኪም ዶክተር ሲስሊ ዊልያምስ፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ያን ጊዜ ጎልድ ኮስት ትባል በነበረችው በዛሬዪቱ ጋና ሥራ ጀመሩ። ወደ እርሳቸው ከሚመጡት ሕፃናት መካከል እግራቸው ያበጠ፤ ቆዳቸው የሚላላጥ፤ ጠጉራቸው የሳሳና መልኩ የተለወጠ፤ ሁልጊዜ የሚነጫነጩ ብዙዎች ነበሩ። ሐኪሟም ነገሩን ተከታትለው በ1933 ዓ.ም. ስለዚህ በሽታ ጻፉ፤ ሕፃናቱም ጡት ከጣሉ በኋላ በበቆሎ ምግብ ብቻ የሚያድጉ መሆናቸውን አስረዱ። በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጋ ሕዝብ በሽታውን የሚጠራበትን ስም ለዓለም አስታወቁ፤ ክዋሺዮርኮር። የስሙ ትርጓሜ ታናሹ ሲመጣ ከጡት የተገፋውን ታላቅ የሚይዘው ሕመም ማለት ነው።

አንባቢያችን ይህን ስም ልብ ይበል። የአክራ እናቶች ማይክሮስኮፕ ሳይኖራቸው፤ ታናሽ በተፀነሰበት ቤት ታላቁ እንደሚጠወልግ አይተው ነበር። የእኛም አሮጊቶች ያዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የተማርን ነን ብለን ምክራቸውን በሳቅ ብናልፈው ስሕተት ይሆንብናል። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን በሐሰት ተከሳሽ ላይ ወደቀ። ልጁን የጎዳው የእርጉዝ ወተት ሳይሆን የወተቱ መቅረትና በምትኩ የሚረባ ምግብ አለመሰጠቱ ነው። ከዶክተር ዊልያምስ በኋላ የመጡ ሊቃውንት በሽታው ከገንቢ ምግብ እጥረት ብቻ የሚመጣ አለመሆኑን ተከራክረውበታል፤ ይሁን እንጂ ድንገት ጡት የጣለና ምግቡ የከሳ ልጅ ለአደጋ እንደሚጋለጥ የሚክድ የለም።

ታዲያ ወተቱ በእርግዝና ጊዜ ምን ይሆናል? መርዝ አይሆንም፤ ነገር ግን ይለወጣል። ወደ እርግዝናው አጋማሽ ሲቃረብ መጠኑ ይቀንሳል፤ ጣፋጭነቱ ጎደል ብሎ ጨው ጨው ይላል። በዚህ ምክንያት ራሳቸው ጡቱን የሚተዉ ልጆች አሉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ወተቱ ለሚወለደው ሕፃን ወደሚዘጋጀው እንገር ይለወጣል። እንገር ሆድን የሚያለሰልስ ስለ ሆነ የታላቁ ሰገራ ትንሽ ሊቀጥን ይችላል፤ ምናልባትም «ያስቀምጠዋል» የሚለው ቃል የተነሣው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም ይህ በሽታ አይደለም።

ሁለተኛው ፍርሃት ስለ ማሕፀን ነው። ልጅ ሲጠባ በእናቲቱ ደም ውስጥ ኦክሲቶሲን የተባለ ቅመም ይፈልቃል፤ ይኸው ቅመም በምጥ ጊዜ ማሕፀንን የሚያኮማትር ነው። እንግዲህ ጽንሱን አያስወርድም ወይ ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ይህ ነው፤ ማሕፀን የመውለጃው ጊዜ እስኪቃረብ ድረስ ይህን ቅመም ብዙም አይሰማውም፤ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሌላ ቅመም ጸጥ አድርጎ ይይዘዋልና። ስለዚህ ጤናማ እርግዝና ያላት ሴት ማጥባቷን ብትቀጥል ጽንሱ እንደሚወርድ የሚያስረዳ ማስረጃ አልተገኘም። ነገር ግን ቀደም ሲል ያለ ጊዜዋ የወለደች፤ በዚህ እርግዝና ደም የፈሰሳት፤ መንታ የያዘች ወይም ሐኪም ከግብረ ሥጋ እንድትታቀብ ያዘዛት እናት፤ ማጥባቷን ከመቀጠሏ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር አለባት።

የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወር በጡት ብቻ፤ ከዚያም ከሌላ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። በሁለተኛው ዓመት እንኳ የጡት ወተት ሕፃኑ ከሚያስፈልገው ኃይል ሲሶውን ያህል ሊሰጠው ይችላል። በአንድ ሌሊት እሬት ቀብቶ ሲሶውን ከመሶቡ መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም። ልጁ ከዓመት በታች ከሆነ ደግሞ የወተቱ መቀነስ ይበልጥ ይጎዳዋልና፤ ወደ ጤና ጣቢያ እየተወሰደ መመዘን ይገባዋል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ስንጽፍ የእናቲቱን ገላ ብንረሳ ግፍ ይሆንብናል። የምታጠባ ሴት በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ኃይል ያስፈልጋታል፤ ማጥባትና እርግዝና ሲደራረቡ ሸክሙ ይከብዳል። ምግቧ ካልተጨመረላት ገላዋ ከራሱ ቆርሶ ይሰጣል፤ እርሷ ትከሳለች፤ ደሟ ያንሳል፤ ጽንሱም ሊጎዳ ይችላል። እዚህ ላይ ነገሩ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ባል ኪስ ይገባል። ለእንግዳ ክትፎ የሚያዝ ወጣት ባለደመወዝ፤ ለነፍሰ ጡር ሚስቱ ጠዋት አንድ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት መኖሩን ጠይቆ ያውቃልን? ከሐኪም የታዘዘላትን የብረት ክኒን መዋጧንስ? በ2016 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት ቢያንስ 8 ጊዜ በባለሙያ እንድትታይ መክሯል፤ ባል በዚያን ቀን ሕፃኑን ቢይዝላት ማዕርጉ አይቀንስበትም።

እናቲቱ በሕመም፤ በድካም ወይም በራሷ ፈቃድ ጡት ለማስጣል ብትወስን ይህም መብቷ ነው፤ ማንም ሊወቅሳት አይገባም። ቁም ነገሩ አኳኋኑ ላይ ነው። አንዱን የጥቢ ጊዜ ትታ በምትኩ ምግብ እየሰጠች፤ ቀስ በቀስ በሳምንታት ውስጥ ይሁን። ከእህልና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ወፈር ያለ ገንፎ፤ እንቁላል፤ ወተት፤ የተፈጨ አትክልት ይቅረብለት፤ ቀጭን አጥሚት ብቻውን አይበቃም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1960ዎቹ ዓመታት በስዊድን ርዳታ በአገራችን የተሠራው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ምግብ የታሰበው ይህንኑ ጡት የሚጥለውን ልጅ ለመታደግ ነበር። ደግሞም ወተቱ ቢቀር ዕቅፉ አይቅር።

ማጥባቷን የቀጠለች እናት በወለደች ጊዜ ደንቡ አንድ ነው፤ አራሱ ይቅደም። እንገሩ ለእርሱ የተዘጋጀ የመጀመሪያ መከላከያው ነውና እርሱ ከጠገበ በኋላ ታላቁ ይጥባ። ታላቁ እህል ይበላል፤ አራሱ ግን ሌላ ማዕድ የለውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ችግሩን አስቀድሞ ማሰብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ልጅ መወለድና በሚቀጥለው መፀነስ መካከል ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል። ማጥባት ራሱ እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው፤ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፤ ሌትና ቀን በጡት ብቻ ሲያድግና የእናቲቱ የወር አበባ ሳይመለስ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ «እያጠባሁ ነኝ» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም፤ ባልና ሚስት አብረው ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄደው መመካከር ይገባቸዋል።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚል ብሂል አለን። ብሂሉን እናከብራለን፤ ነገር ግን ከጡት ለሚነሣ የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ዕድል ማለት በሳሕኑ ላይ ያለው እንቁላልና የእናቱ ዕቅፍ መሆኑን እንጨምርበታለን። ይህን ዕድል የሚሰጠውም ሆነ የሚነሣው በቤት ያለው ታላቅ ሰው ነው።