ሳያን የሚያስከፍለው ዋጋ፦ ስለ አነስተኛ ባለቀለም የሙቀት ማተሚያ ንድፍ

ከሱቅና ከመድኃኒት ቤት የምንቀበለው የሽያጭ ማሽን ደረሰኝ በሙቀት የታተመ ነው። ወረቀቱ በጥፍር ጠንከር ተደርጎ ሲፋቅ የሚጠቁረው ማቅለሚያው ያለው በማሽኑ ውስጥ ሳይሆን በራሱ በወረቀቱ ልባስ ውስጥ ስለሆነ ነው። ማሽኑ የሚያቀርበው ሙቀት ብቻ ነው። የቀለም ቀፎ፣ ዱቄትና ርጭት ስለማያሻው የሙቀት ማተሚያ ከሌሎች የማተሚያ ዓይነቶች ይልቅ ለማሳነስ የተመቸ ሆኗል፤ የሌሎቹ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው ቀለሙን ለመያዝና ለማጓጓዝ በሚያስፈልገው ክፍል ነውና።

ደረሰኙ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ነጥብ ይጥቆር ወይስ ነጭ ሆኖ ይቅር? ባለቀለም ፎቶግራፍ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጥያቄዎች ያቀርባል፤ ቢጫ ምን ያህል፣ ማጄንታ ምን ያህል፣ ሳያን ምን ያህል። የሙቀቱ ምንጭ አንድ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ የትኛው ቀለም እንደተጠየቀ በምን ይለያል? በዚህ ጽሑፍ በኪስ የሚያዝ፣ በባትሪ የሚሠራና 2 በ3 ኢንች ፎቶግራፍ የሚያወጣ ማተሚያን እንደ ማሳያ ወስደን ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ እንመለከታለን። የመሣሪያው ፍጥነት፣ የባትሪው መጠንና የፎቶግራፉ ዕድሜ ሦስቱም በአንድ ቀለም፣ በሳያን፣ ላይ እንደሚንጠለጠሉም በስሌት እናሳያለን።

ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ቀለሙን ከወረቀቱ ውጭ በሪባን ላይ ማስቀመጥ ነው። የካኖን ሴልፊ ማተሚያዎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በቀጭን የፕላስቲክ ሪባን ላይ የፎቶግራፉን ያህል ስፋት ያላቸው የቢጫ፣ የማጄንታና የሳያን ገጾች፣ በመጨረሻም ግልጽ የመከላከያ ልባስ ተከታትለው ይገኛሉ። ሙቀቱ ማቅለሚያውን ከሪባኑ ወደ ወረቀቱ ያሻግራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር የሚሻገረው ማቅለሚያም ስለሚጨምር የቀለሙ ድምቀት ያለ መቆራረጥ ይለወጣል። በእኔ ግምት በምስል ጥራት ከሦስቱ የሚበልጠው ይህ ነው። የሚያስከፍለው ቦታ ነው፤ ወረቀቱ አራት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ አለበት፣ የሪባኑ ጥቅልሎችም የራሳቸውን ስፍራ ይይዛሉ። ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ጉዳይም አለ። ያገለገለ ሪባን የታተመውን ምስል ግልባጭ ይዞ ስለሚቀር መታወቂያ ወይም የሕክምና ምስል የሚያትም ተቋም ሪባኑን እንደ ሰነድ ቆጥሮ ማስወገድ ይኖርበታል።

ሁለተኛው መንገድ ፉጂፊልም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ቴርሞ አውቶክሮም ነው። እዚህ ሦስቱ ቀለማት በወረቀቱ ውስጥ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ከላይ በአነስተኛ ሙቀት የሚነሣው ቢጫ፣ ከመካከል ማጄንታ፣ ከሥር ከፍተኛ ሙቀት የሚሻው ሳያን። መጀመሪያ ቢጫው ይታተማል፤ ከዚያም 420 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን በርቶበት ሳይነሣ የቀረው የቢጫ ንጥረ ነገር እንዲመክን ይደረጋል። ቀጥሎ ማጄንታው ታትሞ በ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ብርሃን ይመክናል። የቀረው ሳያን ብቻ ስለሚሆን በመጨረሻ ያለ ስጋት በከፍተኛ ሙቀት ይታተማል። ኬሚስትሪው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ሪባኑን አስቀርቶ በምትኩ መብራቶችንና የሦስት ዙር ሥራን አመጣ።

ሦስተኛው መንገድ የፖላሮይድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ የጀመሩት፣ በ2005 ዚንክ ኢሜጂንግ በሚል ራሱን የቻለ ኩባንያ የሆነውና በ2008 ፖላሮይድ ፖጎ በተባለች የኪስ ማተሚያ ለገበያ የበቃው ነው። ስሙ ከብረቱ ጋር አይገናኝም፤ «ዜሮ ኢንክ» ከሚለው የተቀነጨበ ነው። ማቅለሚያዎቹ በክሪስታል መልክ ሳሉ ቀለም የላቸውም፤ ሲቀልጡ ግን ቀለማቸው ይወጣል፣ ከቀዘቀዙም በኋላ ወደ ክሪስታልነት ስለማይመለሱ ቀለሙ ጸንቶ ይቀራል። የቀለማቱ አደራደር እንደ ቴርሞ አውቶክሮም ነው፤ የሙቀት ደረጃቸው ግን ተገልብጧል። ከላይ ያለው ቢጫ ከፍተኛውን ሙቀት ይሻል፣ ከሥር ያለው ሳያን ዝቅተኛውን። በዚህ ግልበጣ ምክንያት መብራትም ሪባንም ሳያስፈልግ ወረቀቱ አንድ ጊዜ ብቻ አልፎ ሦስቱም ቀለማት ይታተማሉ። ከዚህ በኋላ የምንተነትነው ይህን መንገድ ነው።

ጥልቀትና ጊዜ

የመሣሪያው ልብ የማተሚያው ራስ ነው። በሴራሚክ ዝርግ ላይ ስስ የመስታወት ልባስ፣ በመስታወቱ ላይ ደግሞ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ሬዚስተሮች አሉ፤ ከጀርባ ሙቀት የሚያስወግድ አሉሚኒየም ተለጥፏል። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ቢኖር በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት 85 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል፤ 2 ኢንች ስፋት 600 ነጥቦች፣ 3 ኢንች ርዝመት 900 መስመሮች ይይዛሉ።

ሙቀት በአንድ ቅጽበት ሰርጎ የሚገባበት ጥልቀት ከጊዜው ዳግም ዘር ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ጊዜው 100 እጥፍ ሲያድግ ጥልቀቱ የሚያድገው 10 እጥፍ ብቻ ነው። የፖሊመር ልባስ የሙቀት ስርገት መጠን በሰከንድ 0.1 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ሙቀቱ በ1 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር፣ በ40 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 63 ማይክሮሜትር ገደማ ይዘልቃል። አጭርና ኃይለኛ ምት ላይ ላዩን ይለበልባል፤ ረጅምና ለስላሳ ምት ላዩን ሳይለበልብ ታችኛውን ያበስላል። እንጀራና ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

አሁን ቁጥር እንስጠው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተመረጡ እንጂ የማንኛውም አምራች ምርት መግለጫ አይደሉም። ቢጫው ከገጽታው ላይ ሆኖ በ200 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ማጄንታው በ8 ማይክሮሜትር ጥልቀት በ150፣ ሳያኑ በ30 ማይክሮሜትር ጥልቀት በ100 ዲግሪ ይቀልጣሉ እንበል፤ የመነሻው ሙቀት 25 ዲግሪ ይሁን። ገጽታው ለ0.5 ሚሊሴኮንድ 220 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ቢጫው ይቀልጣል። በመደበኛው የሙቀት ስርገት ቀመር ሲሰላ ማጄንታው ያኔ ገና 108 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሳያኑ ጋ ሙቀቱ አልደረሰም ማለት ይቻላል። ገጽታው ለ3 ሚሊሴኮንድ 195 ዲግሪ ላይ ቢቆይ ማጄንታው 151 ዲግሪ ደርሶ ይቀልጣል፤ ሳያኑ 63 ላይ ነው። ለሳያን ደግሞ ገጽታውን 130 ዲግሪ ላይ ለ40 ሚሊሴኮንድ ማቆየት ይበቃል፤ ሳያኑ 102 ዲግሪ ሲደርስ የላይኞቹ ሁለቱ ከመቅለጫቸው በታች ይቀራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ይኸው ነው፤ ወረቀቱ ቀለማቱን የሚለየው በሙቀቱ ከፍታና በቆይታው ጥምረት ነው።

ይህ ስሌት ሌላም ነገር ያወጣል። ሦስቱም ቀለማት ለሚያስፈልጉት ጥቁር ነጥብ የሚወስደው ጊዜ 43.5 ሚሊሴኮንድ ነው፤ 900 መስመሮች 39 ሰከንድ ይፈጃሉ። ከዚህ ውስጥ 92 በመቶው የሳያን ነው። በሙሉ ጥቁር ፎቶግራፍ ወደ ወረቀቱ የሚገባው ጉልበትም 96 ጁል ገደማ ሲሆን ቢጫ 12፣ ማጄንታ 26፣ ሳያን 58 ጁል ይወስዳሉ። ስለዚህ ማተሚያውን ማፍጠን የሚሻ ንድፍ አውጪ የቢጫውን ምት በግማሽ ቢያሳጥር የሚያተርፈው የለም፤ ሥራው ያለው ሳያን ላይ ነው።

ታዲያ የሳያኑን መቅለጫ ለምን ወደ 80 ዲግሪ ዝቅ አናደርገውም? ጊዜውም ጉልበቱም ይቀንሳል። ነገር ግን የታተመው ፎቶግራፍ እንደ ቴርሞ አውቶክሮም በብርሃን አልመከነም፤ ያልቀለጠው ክሪስታል ሁሉ እንደነበረ ተቀምጧል። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ በመስታወቱ ሥር የተተወ ነገር ደግሞ ከአየሩም የበለጠ ይሞቃል። መቅለጫው ወደዚያ ሙቀት በተጠጋ ቁጥር ፎቶግራፉ ወደ ሰማያዊ የማድላት አደጋው ይጨምራል። ሳያንን ወደ ላይ ማቅረብም እንዲሁ ቀላል መፍትሔ አይደለም፤ ወደ ማጄንታው በቀረበ መጠን የማጄንታው የ3 ሚሊሴኮንድ ምት እርሱንም ያቀልጠዋል። እንደ ምሳሌ ሳያኑን ከ30 ወደ 15 ማይክሮሜትር ብናነሣው በዚያ ምት 117 ዲግሪ ይደርሳል፤ ማጄንታ ብቻ የተጠየቀበት ነጥብም ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ፍጥነትና የፎቶግራፉ ዕድሜ እዚህ ላይ ተያይዘዋል።

የ5 ዲግሪ ልዩነት

ከላይ ያለፍነው አንድ ቁጥር አለ። ማጄንታውን ስናትም ገጽታው 195 ዲግሪ ነበር፤ የቢጫው መቅለጫ 200 ነው። መካከላቸው 5 ዲግሪ ብቻ ነው። መነሻው ከ25 ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ካለና ምቱ ካልተስተካከለ ገጽታው 210 ይደርሳል፤ ቢጫው አብሮ ይቀልጥና ማጄንታው ቀይ ይሆናል። መነሻው ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ደግሞ ማጄንታው 136፣ ሳያኑ 87 ዲግሪ ላይ ይቀሩና ሁለቱም አይነሡም። ያው ማተሚያ በኅዳር ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይና በቀትር ሰመራ ላይ ሁለት የተለያዩ ፎቶግራፎች ያወጣል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ከማተሚያው ራስ ጀርባ የሙቀት መለኪያ ይደረጋል፤ የምቶቹ ርዝመትም በንባቡ መሠረት ይስተካከላል።

የውጭው አየር ግን ከችግሩ ትንሹ ነው፤ ትልቁ ራሱ ማተሚያው የሚፈጥረው ሙቀት ነው። ከሬዚስተሩ ከሚወጣው ሙቀት ሩብ ያህሉ ብቻ ወረቀቱ ውስጥ ቢገባ ለአንድ ጥቁር ፎቶግራፍ 400 ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ 300 ጁሉ በራሱ ውስጥ ይቀራል። ከጀርባ ያለው አሉሚኒየም 20 ግራም ቢሆን ይህ ሙቀት በ17 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ ያለን ክፍተት 5 ዲግሪ መሆኑን እናስታውስ። ማቀዝቀዙም ፈጣን አይደለም። 50 ካሬ ሴንቲሜትር ስፋት ያለው አሉሚኒየም ያለ ማራገቢያ አብዛኛውን ሙቀት ለመልቀቅ 6 ደቂቃ ያህል ይወስድበታል፤ በፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ሲታሸግ የበለጠ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ በአየር በኩል የሚወጣው ሙቀት ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል። በባሕር ጠለል የተፈተነ መሣሪያ እዚህ ሲመጣ በሁለት ፎቶግራፎች መካከል የሚሰጠው እረፍት አንሶ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጀርባ ያለው መለኪያ የማያየው ሙቀትም አለ። በሬዚስተሩና በሴራሚኩ መካከል ያለው መስታወት 50 ማይክሮሜትር ከሆነ ሙቀቱ እርሱን ለመሻገር 5 ሚሊሴኮንድ ያህል፣ 100 ማይክሮሜትር ከሆነ 20 ሚሊሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ወፍራም መስታወት ሙቀቱን ወደ ወረቀቱ ስለሚገፋ ባትሪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ያለፈውን መስመር ሙቀት ወደሚቀጥለው ያሸጋግራል፣ የጨለማ ምስል ጠርዝም ጅራት ያወጣል። ለኪስ ማተሚያ እኔ ብመርጥ ወፍራሙን መርጬ ጅራቱን በስሌት አስተካክላለሁ፤ ስሌት ክብደት የለውምና። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ነጥብ በቀደሙት መስመሮች የተሰጠውን ጉልበት ይመዘግባል፣ በጊዜ ምን ያህሉ እንደቀነሰ ይገምታል፣ የጎረቤት ነጥቦችንም ድርሻ ይጨምርና ከሚቀጥለው ምት ይቀንሳል።

ከ30 አምፔር ወደ 3

የቀረው ባትሪው ነው። ሬዚስተሩ 150 ኦም፣ ባትሪው 7.4 ቮልት ቢሆን አንድ ነጥብ 0.365 ዋት ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል፤ 600ው ነጥብ ባንድነት ሲበራ ግን 219 ዋት፣ ማለትም 30 አምፔር ይሆናል። በኪስ የሚገባ ባትሪ ይህን አይችለውም።

እዚህ ላይ ሳያን ለመጀመሪያ ጊዜ ውለታ ይመልሳል። ቮልቴጁ አንድ ስለሆነ ለስላሳው የሳያን ሙቀት የሚገኘው ሬዚስተሩን ቶሎ ቶሎ በማብራትና በማጥፋት ነው፤ ከ40 ሚሊሴኮንዱ ውስጥ ነጥቡ በርቶ የሚቆየው 3 በመቶ ለሚሆነው ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቦቹን በ10 ምድብ ከፍለን የምድቦቹን ዑደት በ4 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብናዛንፈው አንዱ ምድብ የቢጫ ምቱን ሲቀበል የቀሩት በማጄንታ ወይም በሳያን ላይ ይሆናሉ። የሚሳበው ኃይል ወደ 17 ዋት፣ ከ2 እስከ 3 አምፔር ወዳለው መጠን ይወርዳል። የምድቦቹ መዛነፍ በምስሉ ላይ ከአንድ መስመር ያነሰ ስብራት ስለሚያመጣ ዓይን አይለየውም። ጠቅላላ ጉልበቱም አያስፈራም፤ 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 13,000 ጁል ያህል ስላለው በ400 ጁል ሂሳብ ሠላሳ ያህል ጥቁር ፎቶግራፎች ያትማል፤ ሞተሩና ገመድ አልባው ግንኙነት ድርሻቸውን ሲወስዱ ቁጥሩ ይቀንሳል።

እስካሁን የወረቀቱን ልባስ ውፍረትና የመቅለጫ ሙቀቱን እንደማይለወጡ ቆጠርን። ፋብሪካ ግን ከአንድ ጥቅል ወደ ሌላው ጥቂት ልዩነት ማሳየቱ አይቀርም፤ 5 ዲግሪ ክፍተት ላለው ንድፍ ደግሞ ጥቂትም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት 10 ፎቶግራፍ ከሚይዘው የዚንክ ወረቀት እሽግ ጋር አንድ ሰማያዊ ካርድ አብሮ ይመጣል። ካርዱ ከፎቶ ወረቀቶቹ በፊት በማተሚያው ውስጥ ሲያልፍ ራሱን ይጠርጋል፤ በላዩ ያለው ባርኮድም ማተሚያው ምቶቹን ከዚያ እሽግ ጋር እንዲያስማማ ይነግረዋል። ተጠቃሚው ካርዱን እንደ ማሸጊያ ቆጥሮ ከጣለው ማተሚያው በቀድሞው እሽግ ጊዜና ሙቀት ይቀጥላል፤ ስሕተቱም ከሁሉ በፊት የሚታየው በማጄንታና በቢጫ ሚዛን ላይ በቆመው በሰው ፊት ቀለም ነው።