ሮዝ ሆኖ የሚቀረው ሥጋ

ሥጋ ሲቀቀል መልኩ ይቀየራል፤ ሞርታዴላ ግን ተቀቅሎም ሮዝ ነው። ምክንያቱ በማሸጊያው ላይ «ኢ250» ተብሎ የሚጻፈው ሶዲየም ናይትራይት ነው። ከእሱ የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሥጋው ቀለም፣ ከሚዮግሎቢን ጋር ይጣበቅና ሮዝነቱን ያጸናዋል። ቀለም ብቻ ቢሆን ኖሮ ማገድ በቀለለ ነበር። ነገር ግን ናይትራይት ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ መመረዝ የሚያመጣውን ባክቴሪያም ይገታል።

ጉዳቱ የሚመጣው ናይትራይት አሚን ከሚባሉ ውህዶች ጋር ተገናኝቶ ናይትሮሳሚን ሲፈጥር ነው። ከናይትሮሳሚኖቹ አንዱ የአይጦችን ጉበት ለካንሰር እንደሚዳርግ በ1956 እ.ኤ.አ. ታውቋል። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የተቀነባበረ ሥጋን ካንሰር አምጪ ሲል መደበ፤ በየቀኑ 50 ግራም መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር ሥጋት በ18 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ምደባው የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ ነው እንጂ ቋሊማ የሲጋራን ያህል ይገድላል ማለት አይደለም።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፦ የናይትራይት ዘመድ ከሆነውና ከምንበላው ናይትሬት አብዛኛው የሚመጣው ከሰላጣ፣ ከቆስጣና ከቀይ ሥር ነው፤ ከፊሉንም የአፋችን ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ታዲያ ሰላጣ ለምን አይወቀስም? አትክልት ናይትሮሳሚን እንዳይፈጠር የሚከላከል ቫይታሚን ሲ ይዞ ይመጣል። ሥጋ ግን አሚንና ናይትሮሳሚን እንዲፈጠር የሚያግዝ የሂም ብረት አለው፤ መጥበሻው ላይ ሲግል ደግሞ ይብሳል። አሜሪካ ናይትራይት በሚወጋ ቤከን ውስጥ የቫይታሚን ሲ ዘመድ የሆነ ውህድ እንዲጨመር የምታስገድደው ለዚህ ነው። በሴለሪ ዱቄት ተዘጋጅቶ «ናይትራይት ያልተጨመረበት» የሚባለው ሥጋ ግን ገዢን ያሳስታል፤ ከሴለሪው ናይትሬት የሚገኘው ናይትራይት ያው ናይትራይት ነው።

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2017 ለናይትራይት ያጸደቀው የቀን ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.07 ሚሊግራም ነው። ለ70 ኪሎ አዋቂ 4.9 ሚሊግራም ይደርሳል፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ግን 1.4 ብቻ። ባለሥልጣኑም ጣሪያውን በጥቂቱ ሊያልፉ ይችላሉ ያለው ናይትራይት የተጨመረበት ምግብ የሚያበዙ ልጆችን ነው። ስለዚህ ሆት ዶግ የልጅ የዘወትር ምሳ መሆን የለበትም ባይ ነኝ።

ከጥቅምት 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ለአብዛኛው የሥጋ ምርት የሚጨመረውን የናይትራይት መጠን በኪሎ ከ150 ወደ 120 ሚሊግራም ገደማ ዝቅ አድርጓል። ዴንማርክ ግን ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ምርቷ 60 ላይ ቆይታለች፤ ቋሊማም ከገበታዋ አልጠፋም።