ከዋሻው ሐተታ፦ ፈጣሪ አለ ማለትና ሃይማኖት መምረጥ

«ፈጣሪ አለ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የመለሰ ሰው «የትኛው ሃይማኖት እውነት ነው?» የሚለውም አብሮ የተመለሰለት ይመስለዋል። አልተመለሰለትም። ሁለቱን ነጣጥሎ ለማየት በግእዝ የተጻፈው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ጥሩ መግቢያ ነው።

መጽሐፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ በ1599 እ.ኤ.አ. አክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ ተወለደ፤ ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ተምሮም መምህር ሆነ። ሲያስተምር ፈረንጆቹ (ካቶሊኮቹ) እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያኑ (ኦርቶዶክሶቹ) እንዲህ ይላሉ እያለ የሁለቱንም ያቀርብ ስለነበር ማንም አልወደደውም። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ በሆኑበት ዘመን የጠላው ሰው ንጉሡ ዘንድ ከሰሰው። ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸና ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። (በ1920 እ.ኤ.አ. ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ የነበረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ደግሞ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ብዙ ጽፈዋል። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።)

ዋሻው ውስጥ የሚጸልየው ሰው፣ ጸሎቴን የሚሰማ አለ ወይ ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ራሴን አልፈጠርሁም፤ ወላጆቼም እኔን ወለዱኝ እንጂ አልፈጠሩኝም፤ እነሱም ወላጅ አላቸው። እንዲህ ወደ ኋላ ሲኬድ ወላጅ የሌላቸው መጀመሪያዎች ላይ ይደረሳል። እነሱን ያስገኘው ያልተፈጠረ ሊሆን ይገባል ይላል። ቀጥሎም ማስተዋልን የሰጠን እሱ ራሱ አስተዋይ ነው ሲል ይደመድማል።

ሰንሰለቱ የግድ መጀመሪያ ሊኖረው ይገባል ወይ? ኢማም አል-ገዛሊ ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በአመክንዮ ማሳየት ይቻላል ብለዋል። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ግን ይህን በእምነት እንጂ በአመክንዮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ባይ ነበር፤ ስለዚህ የፈለገው ከሩቅ ዘመን የነበረ ጀማሪን ሳይሆን አሁንም ዓለምን ደግፎ የያዘ ምክንያትን ነው። በእኔ እይታ የዘርዓ ያዕቆብ ደካማ እርምጃ ሁለተኛው፣ ከመነሻ ወደ አስተዋይ ፈጣሪ የተሻገረበት ነው። መነሻ አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መነሻው ጸሎት ይሰማል ማለት ሌላ። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩምም በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተቸው ይህን የመሰለውን ዝላይ ነበር።

ይህን ሁሉ ብንቀበል እንኳ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም፣ አይሁዱም «እኛም ይህንኑ እንላለን» ሊሉ ይችላሉ። ስለ ጾሙ፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ነቢዩ የተነገረ ነገር የለም። ዘርዓ ያዕቆብ ይህን አይቷል። ሁሉም የኔ ትክክል ነው ይላል፤ የሚፈርደው ዳኛ ከየት ይምጣ? ሰው ሁሉ ከወገኖቹ የአንዱ ነውና። ዳኛው ልቡና ነው አለና ትእዛዛቱን ከተፈጥሮ ሥርዓት ጋር አመሳከረ። ምንኩስናን ከጋብቻ በላይ ማድረግ፣ ከአንድ በላይ ማግባት፣ ሰውን መሸጥ፣ የጾም ግዴታ ሁሉ ወደቁበት። ስለ ጋብቻ ያቀረበው ምክንያት ወንድና ሴት በቁጥር እኩል ይወለዳሉ የሚል ነው።

አማኝ ግን ዝም አይልም። ፈጣሪ ከተናገረ የሰው ልቡና የእሱን ቃል እንዴት ይመዝናል? ተፈጥሮ ይላል የምንለውስ የራሳችን ምርጫ ቢሆን? ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሆኖም ያው አማኝ የሌላውን ሃይማኖት ለመንቀፍ ሲነሳ በዚሁ ልቡና መጠቀሙ አይቀርም።

ዘርዓ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ እንፍራዝ ገባ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ልጆች አስተማረ፤ ሒሩትን አገባ። በልቡ ከየትኛውም ወገን ባይሆንም ለጎረቤቶቹ ክርስቲያን መስሎ ኖረ። ሐሳቡን በ1667 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ተማሪው ወልደ ሕይወት ስለጠየቀው ነው።