የአይሮፕላን ሞተርና የአቅጣጫ መሣሪያ ስለ ምን ይዘገያል?

ጫት ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ካልተሸጠ ዋጋው ስለሚወድቅ፣ የሐረርና የአወዳይ ላኪ ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደም ነጋዴ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ይኸው ዕቃ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬ ዳዋ ወርዶ በአይሮፕላን ወደ ዓደን ይላክ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በመብረር ሥራውን የጀመረው ሲ-47 በተባሉ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ የአሜሪካ ጦር አይሮፕላኖች ነው። እያንዳንዳቸው ባለ 1,200 የፈረስ ጉልበት ሁለት ሞተሮች የነበሯቸው ሲሆን፣ የሞተሩ ጉድለት አስቀድሞ በጦሩ ወጪ ታውቆ ታርሟል። አየር መንገዱ የገዛው እንግዲህ የተፈተነ ዕቃ ነበር።

ያልተፈተነውን የሚገዛ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። በኋላ በቢ-29 ቦምብ ጣይ ላይ የዋለው ራይት 3350 ሞተር መጀመሪያ የተነሣው በ1929 ዓ.ም. ነው። 18 ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ በመሆናቸው የኋለኛው ረድፍ በቂ ነፋስ አያገኝም፤ ስለዚህም ይግላል፤ ከማግኒዥየም የተሠራው የሞተሩ አካል ደግሞ አንዴ ከተያያዘ እሳቱ የሚጠፋ አይደለም። በየካቲት 1935 ዓ.ም. ከሙከራ አይሮፕላኖቹ አንዱ በሲያትል ከተማ ተቃጥሎ ወደቀ፤ ዋናው የሙከራ አብራሪም ሞተ። ጦሩ ይቸኩል ስለ ነበር ፋብሪካው ሞተሩን እያመረተ ያርመው ነበር፤ ይህ ደግሞ የተሠራውን መልሶ መፍታት ማለት ነው።

በአቅጣጫ መሣሪያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዛሬ የጂቡቲ መንገድ የጭነት መኪና ሳይቀር የሚመራበት ጂ.ፒ.ኤስ. በ1966 ዓ.ም. ለአሜሪካ ጦር የተፈቀደ ሥራ ሲሆን፣ ሙሉ አገልግሎት ለመስጠት የበቃው በ1987 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ያዘገየው መሣሪያው ራሱ ብቻ አልነበረም። ሳተላይቶቹ በጠፈር መንኮራኩር እንዲላኩ ታቅዶ ሳለ ቻሌንጀር በጥር 1978 ዓ.ም. ስለ ፈነዳች፣ እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ ሌላ ሮኬት መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዚያም በኋላ እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ለሲቪሉ የሚደርሰው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ነበር።

ከወታደሩ ወጥቶ ወደ ንግዱ ሲመለሱ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1997 ዓ.ም. 10 ቦይንግ 787 አይሮፕላኖችን አዘዘ። ፋብሪካው ለመጀመሪያው ገዢ በ2000 ዓ.ም. አስረክባለሁ ያለውን ያስረከበው በመስከረም 2004 ዓ.ም. ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው የመጣው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሆነ። ከዘገዩት ምክንያቶች አንዱ የማያያዣ ብሎን እጥረት መሆኑ ለዕቃ አስመጪ የሚያስገርም አይደለም። ሌላው በሐምሌ 2002 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሙከራ ማማ ላይ የፈነዳ የሮልስ ሮይስ ሞተር ነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ በባትሪ ጉድለት ምክንያት አይሮፕላኖቹ በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገዱ፤ በሚያዝያ ወር መልሶ ለማብረር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቀዳሚ ሆነ።

ትልቅ አየር መንገድ መዘግየትን በአሮጌ አይሮፕላኖቹ ሊሸፍን ይችላል። ገና ከፋብሪካ ያልወጣ አዲስ ዓይነት ጀነሬተር ወይም ማቀዝቀዣ ለሚያዝ የሐረር ባለ ሱቅ ግን ይህ መጠባበቂያ የለውም። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ የተጻፈው የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ካለፈ ባንኩ የሻጩን ሰነድ ሊመልስ ይችላል፤ ቀኑን ለማራዘምም የባንኩና የሻጩ ስምምነት፣ ከዚያም በላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል።