ካሜራ ያለበሰው ባርኔጣ፦ የካንትሪ ሙዚቃ በፊልምና በቴሌቪዥን

የካንትሪ ሙዚቃ ስም በተነሣ ቁጥር በአብዛኛው ሰው ዓይነ ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ባለ ተረከዝ ቦት ጫማ የተጫማና ጊታር ያነገተ ካውቦይ፣ ማለትም የአሜሪካ ምዕራብ ከብት ነጂ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ መልክ ሙዚቃው ከተወለደበት አገር የመጣ ሳይሆን በ1930ዎቹ በሆሊውድ ስቱዲዮዎች ተዘጋጅቶ ለዘፋኞቹ የተሰጠ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቃው ራሱ ያደገው በአሜሪካ ደቡብ፣ በተለይም በአፓላቺያን ተራሮችና በግርጌያቸው በተመሠረቱ የገበሬ፣ የከሰል ቆፋሪና የባቡር ሠራተኛ መንደሮች ነው። ከብሪታኒያና ከአየርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ይዘዋቸው የተሻገሩት ታሪክ ነጋሪ ዘፈኖችና ቫዮሊን፣ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን ከአገራቸው ባመጡት ጥበብ ከሠሩት ባንጆ ከተባለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ከጥቁሮች ብሉዝና ከወንጌል መዝሙር ጋር በመዋሐዳቸው የተፈጠረ ሙዚቃ ነው። ስለዚህ ፊልምና ቴሌቪዥን ለካንትሪ ያደረጉት ነገር ሲመረመር ምን ያህል አስተዋወቁት ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ ምን አለበሱት፣ ምንስ ሸፈኑበት የሚለውም አብሮ ሊነሣ ይገባል።

በ1927 በጋ ራልፍ ፒር የተባለ የሸክላ ቀረጻ ባለሙያ በቴነሲና በቨርጂኒያ ወሰን ላይ ወደተቆረቆረችው ብሪስቶል ከተማ የመቅረጫ መሣሪያ ይዞ በመጣ ጊዜ፣ ከካርተር ቤተሰብ ዘፋኞች ሌላ ጂሚ ሮጀርስ የተባለ ሳንባ ነቀርሳ የያዘው የቀድሞ የባቡር ፍሬን ሠራተኛ አግኝቶ ነበር። ሮጀርስ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የድምፅ ፊልም ገና ጀማሪ በነበረበት በ1929፣ አሥር ደቂቃ ገደማ በሚፈጅ አጭር ፊልም ላይ ቀረበ። በዚህ ፊልም አንድ የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ይታያል፤ ሮጀርስ የሐዲድ ሠራተኛ ልብሱን እንደለበሰ ገብቶ ጊታሩን ያነሣና በዚያ ለነበሩ ሁለት ሴቶች ሦስት ዘፈኖች ይዘፍናል፤ ከዚህ ያለፈ ታሪክ የለውም። ካሜራው ስለማይንቀሳቀስና ትዕይንቱም ስለማይቀያየር ዛሬ ለሚያየው ሰው ደረቅ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ካንትሪ በፊልም ላይ ገና በሥራ ልብሱ ሳለ የታየበት ሰነድ በመሆኑ ብዙ በጀት ከፈሰሰባቸው ፊልሞች ይልቅ የከበረ ነው። ሮጀርስ በ1933 ሞተ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘፋኝ ካውቦይ የተባለው የፊልም ዓይነት ነው፤ ጀግናው ፈረሱን ጋልቦ ወንበዴ ያባርራል፣ በየመሃሉም ጊታር አንሥቶ ይዘፍናል። የዚህ ዓይነቱን ፊልም ሥር ያስያዘው በኦክላሆማ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ጂን ኦትሪ ሲሆን፣ በ1935 በሪፐብሊክ ፒክቸርስ የመሪ ተዋናይነቱን ቦታ ካገኘ በኋላ የየከተማው ሲኒማ ቤት ሕፃናት ሳይቀሩ የሚያውቁት ሰው ሆነ። ኦትሪ በክፍያ ጉዳይ ከኩባንያው ጋር ተጣልቶ ሥራ ባቆመ ጊዜ በ1938 ቦታው የተሰጠው ለሮይ ሮጀርስ ነው፤ በኋላ የካውቦዮች ንጉሥ ተብሎ የተጠራው ይህ ሰው የተወለደው በኦሃዮ ግዛት ትልቅ ከተማ በሆነችው በሲንሲናቲ ነበር። የባርኔጣው ምስጢር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የከተማ ጋዜጦች የተራራውን ሕዝብ ያልተማረና ያልታጠበ አድርገው ያላግጡበት ስለነበር፣ ከብት ነጂው ግን በፊልም ነጻ፣ ደፋርና ፍትሕ ወዳድ ሆኖ በመቅረቡ፣ ከብት ነድተው የማያውቁ የቴነሲና የአላባማ ዘፋኞች ልብሱን በደስታ ተቀበሉት። ክብር የተነፈገ ሰው ክብር ያለውን ልብስ ቢመርጥ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ልብሱን ከሰፉት አንዱ በኪዬቭ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ ኑዲ ኮን ነው። በ1947 በሰሜን ሆሊውድ በከፈተው ሱቅ መጀመሪያ ለፊልም ካውቦዮች፣ ቀጥሎም እነ ሃንክ ዊልያምስን ለመሳሰሉ የካንትሪ ዘፋኞች በጥልፍና በሚያብለጨልጭ ጠጠር የተንቆጠቆጠ ሱፍ ይሰፋ ስለነበር፣ የፊልሙ ልብስ ወደ ሙዚቃው መድረክ የተሻገረው በዚህ ሰው መርፌ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ቴሌቪዥን ሲመጣ የተራራው ሰው እንደገና መሳቂያ ሆነ። በ1962 በሲቢኤስ ጣቢያ የጀመረው “ዘ ቤቨርሊ ሂልቢሊስ” የተባለ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ፣ መሬታቸው ላይ ነዳጅ ተገኝቶ በድንገት የበለጸጉ ገጠሬዎች የሎስ አንጀለስ ሀብታሞች ሰፈር ገብተው ሲደናበሩ ያሳያል። የመክፈቻው ሙዚቃ ግን ፌዝ አልነበረም፤ ሌስተር ፍላትና ባንጆን በሦስት ጣት የመደርደር ስልትን ለዓለም ያስተዋወቀው አርል ስክራግስ የተጫወቱት ይህ ዘፈን በ1963 በካንትሪ ዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። በ1971 ሲቢኤስ ድራማውን ጨምሮ ገጠር ነክ ዝግጅቶቹን በጅምላ ሰረዘ፤ ምክንያቱ ተመልካች ማጣታቸው ሳይሆን ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ወጣትና ከተሜ ሸማች መፈለጋቸው ነው። ከተሰረዙት አንዱ የሆነው “ሂ ሃው” የተባለው የካንትሪ ሙዚቃና የቀልድ ዝግጅት በቀጥታ ለአካባቢ ጣቢያዎች እየተሸጠ ከ20 ዓመት በላይ መቀጠሉ የተመልካቹ ፍቅር የት እንደነበር በግልጽ ያሳያል።

በእነዚያው ዓመታት ቴሌቪዥን ለካንትሪ የዋለው ትልቁ ውለታ የካንትሪ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ከ1969 እስከ 1971 በኤቢሲ ጣቢያ ያቀረበው ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ የሚቀረጸው በናሽቪል ራይማን አዳራሽ ነበር፤ ይህ በ1892 ለጸሎት ጉባኤ የተሠራ ሕንፃ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው ዝነኛ የሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት በየሳምንቱ የሚተላለፍበት ነበር። ካሽ እነ ቦብ ዲላንንና ጆኒ ሚቸልን እዚያ መድረክ ላይ አወጣቸው፤ በጥቅምት 1970 ደግሞ የጃዝ መለከተኛውን ሉዊ አርምስትሮንግን ጋበዘ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው የተጫወቱት አርምስትሮንግ ራሱ ከ40 ዓመት በፊት፣ በ1930 በሎስ አንጀለስ፣ ከዚያው ከባቡር ሠራተኛው ከጂሚ ሮጀርስ ጋር የቀረጸውን ዘፈን ነበር። በዚያን ጊዜ ፒያኖውን የመታችው የአርምስትሮንግ ባለቤት ሊል ሃርዲን ስትሆን፣ ሸክላው ሲታተም ግን የባልም የሚስትም ስም በላዩ ላይ አልሰፈረም። ካሽ ይህን ታሪክ በሚሊዮኖች ፊት ሲናገርና በሽታ ያደከመው አርምስትሮንግ መለከቱን ሲያነሣ፣ የካንትሪ ግማሽ ዘር ከጥቁሮች የተገኘ መሆኑ ብዙ መጽሐፍ ሊያስረዳው ከሚችለው በላይ በጥቂት ደቂቃ ታየ። አርምስትሮንግ በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ አረፈ።

ወደ ትልቁ ስክሪን ስንመለስ፣ የዘፋኞችን ሕይወት የሚተርኩ ፊልሞች አንድ የማያመልጡት ፈተና አለባቸው፤ እሱም የሚሰማው የማን ድምፅ ነው የሚለው ነው። በ1985 በወጣው “ስዊት ድሪምስ” ጄሲካ ላንግ የፓትሲ ክላይንን ገጸ ባሕርይ ስትጫወት የሚሰማው የሟቿ ዘፋኝ የራሷ ቅጂ ሲሆን፣ ተዋናይዋ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። በ1980 የወጣው “ኮል ማይነርስ ዶተር” ግን ሌላውን መንገድ መረጠ። የፊልሙ ባለ ታሪክ ሎሬታ ሊን በኬንታኪ ቡቸር ሆሎው በተባለ ሸለቆ ከከሰል ቆፋሪ ቤተሰብ ተወልዳ፣ በ15 ዓመቷ ተድራ፣ ልጆች እያሳደገች ዘፈን የጀመረች ሴት ናት። እርሷን የወከለችው ሲሲ ስፔሴክ ከራሷ ከሎሬታ ጋር እየተጓዘች አነጋገሯን፣ ሳቋንና የአዘፋፈን ለዛዋን አጥንታ ዘፈኖቹን ሁሉ በራሷ ድምፅ ተጫወተች፤ ለዚህም ኦስካር ተሸለመች። የስፔሴክ ድምፅ የሎሬታን ያህል ጉልበት የለውም፤ ነገር ግን የከሰል አቧራ የጠጣውን ቤት፣ የአባትዮውን ዝምታና የሴቲቱን ጀማሪነት ከአንድ ጉሮሮ ስለሚያሰማ እውነተኛነቱ አያጠራጥርም። በ2005 ስለ ካሽና ስለ ባለቤቱ ስለ ጁን ካርተር የተሠራው “ዎክ ዘ ላይን” የተከተለውም ይህንኑ ፈለግ ነው።

ዘፈኖቹም ከካንትሪ አድማጮች አጥር ወጥተው በፊልም በኩል ዓለምን ዞረዋል። ዊትኒ ሂውስተን “ዘ ቦዲጋርድ” በተባለው የ1992 ፊልም የዘፈነችውንና በአሜሪካ ለ14 ሳምንት አንደኛ የነበረውን የስንብት ዘፈን የደረሰችው ዶሊ ፓርተን ስትሆን፣ የደረሰችውም ለዓመታት አብራው ከሠራችበት ከፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትለይ ነው። ኬኒ ሮጀርስ ደግሞ በ1978 ያወጣው የቁማርተኛው ዘፈን በ1980 ወደ ቴሌቪዥን ፊልም ተለውጦ አራት ተከታይ ክፍሎች ወልዷል። ይኸው ዘፋኝና የካንትሪው ዊሊ ኔልሰን በ1977 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለኢትዮጵያ ረኃብ ርዳታ በተቀረጸው “ዊ አር ዘ ወርልድ” ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ የሥራው ዋና አስተባባሪ ኬን ክሬገንም የሮጀርስ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

ፊልም ለካንትሪ ከመለሰው ሁሉ ግን ትልቁ የኮኤን ወንድማማቾች በ2000 ያወጡት፣ በ1930ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ ከእስር ያመለጡ ሦስት ሰዎችን የሚከተለው “ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?” ነው። ቲ ቦን በርኔት ያቀናበረው የማጀቢያ ሙዚቃው አልበም ከጊታር፣ ከባንጆ፣ ከቫዮሊንና ከሰው ድምፅ ብዙም ያለፈ ነገር ሳይኖረው በአሜሪካ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ በ2002 የዓመቱ አልበም የግራሚ ሽልማትን ወሰደ። አልበሙ የሚከፈተው በ1959 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው አለን ሎማክስ በሚሲሲፒ ፓርችማን እስር ቤት በቀረጸው የጥቁር እስረኞች የሥራ ዘፈን ሲሆን፣ ምት የሚሰጠው ግንድ የሚፈልጠው የመጥረቢያቸው ድምፅ ነው። መሪ ድምፃዊው ጄምስ ካርተር ዘፈኑን መዝፈኑን እንኳ ከዘነጋ ቆይቶ ነበር፤ ባለ መብቶቹ የእስር ቤት መዝገብ አገላብጠው ቺካጎ ድረስ ፈልገው አገኙትና የመጀመሪያ ድርሻው የሆነውን የ20,000 ዶላር ቼክ አስረከቡት።